አፕ ከማሠራት በፊት የሚሠራ ሒሳብ

እንደሚታወቀው አንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ሊገዛ ሲነሣ ብቻውን አይሄድም። መካኒክ ያስከትላል፤ ሞተሩን ያስነሣል፣ ጎማውን ያያል፣ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ይጠይቃል፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ምን ያህል ነዳጅ እንደሚበላ ያሰላል። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ለድርጅቱ የሞባይል አፕሊኬሽን፣ በተለምዶ አጠራር አፕ፣ ለማሠራት ሲነሣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት በኮምፒዩተር የተሠራ ያማረ ሥዕል ነው። ዋጋ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይከራከራል፣ ቅድሚያ ክፍያ ይከፍላል። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ አይጠይቅም፤ ነዳጁንም አያሰላም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አፕ ለማሠራት የሚያስብ አነስተኛና መካከለኛ ነጋዴ ውል ከመፈረሙ በፊት ሊሠራው የሚገባውን ሒሳብና ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። መነሻ ሐሳቡም አጭር ነው። አፕ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያበቃ ዕቃ ሳይሆን በየዓመቱ ወጪ የሚጠይቅ ቋሚ ንብረት ነው፤ በመሆኑም የሚያዋጣው ደጋግሞ የሚጠቀምበት ሰው ላለው ንግድ ነው።

የዋጋው ልዩነት ከየት ይመጣል?

ለአንድ ዓይነት አፕ ከሁለት ድርጅቶች ዋጋ የጠየቀ ሰው አንደኛው የሌላውን ብዙ እጥፍ ሲጠራበት ግራ ይጋባል። ልዩነቱ የግድ የአንዱን ስግብግብነት ወይም የሌላውን ቅንነት አያሳይም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ዋጋ ያወጡት ለአንድ ነገር አይደለም።

አንድ የንግድ አፕ ቢያንስ አምስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ደንበኛው በስልኩ ላይ የሚያየው ገጽታ ነው። ሁለተኛው መረጃው የሚቀመጥበትና የሚሰላበት ሰርቨር ነው። ሦስተኛው የድርጅቱ ሠራተኞች ትእዛዝ የሚያዩበት፣ ዋጋ የሚቀይሩበትና ሪፖርት የሚያወጡበት የአስተዳደር ገጽ ነው። አራተኛው አፑን ከክፍያ ድርጅቶች፣ ከኤስኤምኤስና ከካርታ አገልግሎቶች ጋር የሚያገናኘው ሥራ ነው። አምስተኛው ሙከራ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ድርጅት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ አስቀድሞ የተዘጋጀ አፕ ቀለሙንና አርማውን ቀይሮ ሊያስረክብ አስቦ ይሆናል። ተዘጋጅቶ የቆየ አፕ መግዛት በራሱ ክፋት የለውም። ክፋቱ በልኩ እንደተሰፋ ልብስ ሲከፈልበት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከዋጋው በፊት ከአምስቱ ክፍሎች የትኛው እንደተካተተና የትኛው እንዳልተካተተ በጽሑፍ እንዲገለጽለት መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው የልዩነት ምክንያት የስልኮቹ ዓይነት ነው። ቀደም ሲል ለአንድሮይድና ለአይፎን አንዱን አፕ ሁለት ጊዜ መጻፍ የግድ ይል ነበር። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ሪአክት ኔቲቭን፣ ጉግል ደግሞ በታኅሣሥ ወር 2018 የፍላተርን የመጀመሪያ የተሟላ ቅጂ ካወጡ ወዲህ ግን አንድ ጊዜ ተጽፎ በሁለቱም ላይ የሚሠራ አፕ ማውጣት የተለመደ ሆኗል። ትእዛዝ ለመቀበል፣ የዕቃ ዝርዝር ለማሳየትና ክፍያ ለመፈጸም ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለእነዚህ ሥራዎች ሁለት የተለያዩ አፖች ያስፈልጋሉ የሚል ባለሙያ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ሊጠየቅ ይገባል። ደንበኞቹ አገር ውስጥ ለሆኑ ነጋዴ በአንድሮይድ መጀመሩ ያዋጣል፤ በገበያችን በስፋት የሚታየው ይኸው ነውና። ከአሜሪካ ለወላጅ ዘመዶቻቸው ስጦታ የሚልኩ ኢትዮጵያውያንን የሚያገለግል ድርጅት ግን አይፎንን ለነገ ሊያሳድር አይችልም።

ከርክክብ በኋላ የሚመጣው ወጪ

ነጋዴዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አፑ ተሠርቶ በተረከቡት ዕለት ወጪው ያበቃ ይመስላቸዋል።

ከቀላሉ እንጀምር። አፕል አፕ ለሚያወጣ ድርጅት በዓመት 99 ዶላር ያስከፍላል። ጉግል ለምዝገባ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይቀበላል። እነዚህ ቀላል ናቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ በየወሩ የሚከፈል የሰርቨር ኪራይ አለ። ደንበኛው ሲመዘገብ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበት ኤስኤምኤስ በመልእክት ብዛት ይከፈልበታል። ካርታ ካለው የካርታ ክፍያ ይጨመራል። ጉግል ደግሞ አፖች ከአዳዲስ የአንድሮይድ ቅጂዎች ጋር እንዲጣጣሙ በየዓመቱ ግዴታ ያስቀምጣል፤ ይህን ያላሟላ አፕ ማሻሻያ ማውጣት ይከለከላል፤ ቆይቶም አዲስ ስልክ የገዛ ደንበኛ ከመደብሩ ፈልጎ ሊያጣው ይችላል። ይህም ማለት ምንም ሳይበላሽ እንኳ አፑን በየጊዜው የሚነካካ ባለሙያ ያስፈልጋል ማለት ነው። በሙያው የተለመደው ግምት ለጥገና ብቻ በዓመት ከመጀመሪያው ዋጋ ከ15 እስከ 20 በመቶ መያዝ ነው።

ከእነዚህ ወጪዎች የሚበዙት በውጭ ምንዛሪ መሆናቸውም ሌላ አደጋ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዓመት 1,000 ዶላር የሰርቨር ኪራይ የነበረበት ድርጅት አንዲት ተጨማሪ ደንበኛ ሳያገኝ ወጪው ከ57,000 ብር ተነሥቶ ከ100,000 ብር አልፏል ማለት ነው።

አገልግሎት ሰጪው ራሱ ዋጋ የሚቀይርበት ጊዜም አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 የካርታ አገልግሎቱን ክፍያ ሲያሻሽል፣ ለ1,000 የካርታ ጥሪ 50 ሳንቲም የነበረውን መደበኛ ዋጋ 7 ዶላር አድርጎታል። በየወሩ የተወሰነ ነጻ አገልግሎት ቢፈቅድም ብዙ ተጠቃሚ የነበራቸው ድርጅቶች ካርታቸውን እስከ መቀየር ደርሰዋል። በሰው መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው የመሬቱን ኪራይ ጭማሪ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ አፕ ያለው ነጋዴም ይህን ታሳቢ ማድረግ ይኖርበታል።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌቱ እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ቁጥር ተክቶ ሊሠራው ይችላል።

አንድ የለስላሳ መጠጥና የምግብ ዘይት አከፋፋይ 400 ሱቆችን ያቀርባል እንበል። እያንዳንዱ ሱቅ በሳምንት አንድ ጊዜ ያዛል። በዓመት 20,800 ትእዛዝ መሆኑ ነው። አፑ በ900,000 ብር ይሠራል፤ ለጥገና፣ ለሰርቨርና ለኤስኤምኤስ በዓመት 300,000 ብር ይወጣል። አፑ ሦስት ዓመት ያገለግላል ብንል የመጀመሪያው ዋጋ ለሦስት ሲካፈል በዓመት 300,000 ብር ይደርሳል። ጠቅላላ የዓመት ወጪው 600,000 ብር ሆነ።

አሁን ጥቅሙን እንይ። በስልክ የሚቀበሉት ትእዛዝ ጊዜ ይወስዳል፤ ስህተትም ይገባበታል። አምስት ካርቶን ያለው ባለሱቅ አሥራ አምስት ይደርሰውና መኪናው ሁለተኛ ይመላለሳል። በአፑ የመጣ አንድ ትእዛዝ በአማካይ 70 ብር ያድናል ብለን እናስብ። ወጪውን ለመመለስ ብቻ 600,000 ለ70 ሲካፈል 8,571 ትእዛዝ በአፑ መምጣት አለበት። ከጠቅላላው ትእዛዝ 41 በመቶ ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የምጣኔ ሀብት ትምህርት ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል። ያ 900,000 ብር አፕ ባይሠራበት ምን ያስገኝ ነበር? አከፋፋዩ በገንዘቡ ዕቃ ገዝቶ በዓመት አሥር ጊዜ ቢያገላብጠውና በእያንዳንዱ ዙር 2 በመቶ ቢያተርፍ በዓመት 20 በመቶ ያገኛል። ትርፉን በየዓመቱ እየጨመረ ቢነግድበት 900,000 ብሩ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ 1,555,200 ብር ይሆናል። በአንጻሩ ከትእዛዙ ግማሹ፣ ማለትም 10,400፣ በአፑ ቢመጣ በዓመት 728,000 ብር ይድናል፤ ከዚህ ላይ 300,000 የዓመት ወጪ ሲቀነስ 428,000 ይተርፋል። ይህንንም በየዓመቱ እየወሰደ በዚያው 20 በመቶ ቢነግድበት በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ 1,557,920 ብር ያገኛል። ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚህ የምንረዳው 41 በመቶው ወጪውን ብቻ እንደሚመልስ፣ ገንዘቡ በዕቃ ላይ ቢውል ከሚያስገኘው ጋር የሚስተካከለው ግን ከትእዛዙ ግማሹ በአፑ ሲመጣ እንደሆነ ነው። ከግማሽ በታች ከሆነ ነጋዴው ዘይትና ለስላሳ ቢገዛበት ይሻለው ነበር። ስለዚህ አከፋፋዩ ራሱን መጠየቅ ያለበት “አፑ ያምራል ወይ?” ብሎ ሳይሆን “ከ400 ባለሱቆቼ ውስጥ 200ዎቹ በየሳምንቱ በዚህ ያዛሉ ወይ?” ብሎ ነው። ይህን ደግሞ ሃያ ባለሱቆች ዘንድ ሄዶ በመጠየቅ በሁለት ቀን ማወቅ ይቻላል። ምን ዓይነት ስልክ እንደያዙ፣ የኢንተርኔት ጥቅል ይገዙ እንደሆነ፣ አሁን በምን መንገድ እንደሚያዙ ማየት ብቻ በቂ ነው።

በሌላ በኩል አንድ የሶፋና የአልጋ ሱቅ እንውሰድ። በዓመት 500 ገዢ አለው። የአፑ ወጪ ያው በዓመት 600,000 ብር ነው። ከአንድ ሽያጭ 8,000 ብር ያተርፋል ብንል አፑ ወጪውን የሚመልሰው 75 ተጨማሪ ገዢ ሲያመጣ ነው። እዚህ ላይ “ተጨማሪ” የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። አፑ ባይኖርም ይመጡ የነበሩ ሰዎች በአፑ ስለመጡ ብቻ ትርፍ ተብለው ሊቆጠሩ አይችሉም። ሶፋ የሚገዛ ሰው በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚገዛው። ለአንድ ግዢ ብሎ አፕ አውርዶ፣ ተመዝግቦ፣ በስልኩ ላይ አስቀምጦ የሚቆይ ደንበኛ ማግኘት ከባድ ነው። ለዚህ ሱቅ ጥሩ ፎቶግራፍና ግልጽ ዋጋ ያለበት የቴሌግራም ቻናል ያንኑ ሥራ እጅግ ባነሰ ወጪ ይሠራለታል።

አፑን የሚጠቀመው ማን ነው?

በአገራችን ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀሰው ራይድ ነው። በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ሃይብሪድ ዲዛይንስ እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎቱን ሲጀምር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር፤ አፑ የመጣው በኋላ ነው። አፑ ከመጣ በኋላም ደንበኛው በ8294 ደውሎ መኪና የሚያዝበት መንገድ አልተዘጋም። ተራ ስልክ የያዘች እናት ትደውላለች፤ የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኛ ቦታዋን ይመዘግባል፤ ጥሪው በሾፌሩ ስልክ ላይ ይታያል።

ይህ አሠራር አንድ ትልቅ ትምህርት አለው። አፑን በቀን ብዙ ጊዜ የሚነካው ሾፌሩ ነው፤ ለእርሱ ስልኩ የእንጀራ መሣሪያው ነው። ተሳፋሪው ግን አፑን ቢፈልግ ይጠቀማል፣ ባይፈልግ ይደውላል። ከላይ ያየነው አከፋፋይም በዚሁ መንገድ ሊያስብ ይችላል። 400 ባለሱቆችን አፕ ከማስለመድ ይልቅ በየሱቁ ለሚዞሩ ስድስት የሽያጭ ሠራተኞቹ ብቻ የሚሆን አፕ ቢያሠራ፣ ትእዛዙ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአፑ ይመዘገባል። ተጠቃሚው ጥቂትና ደመወዝተኛ ስለሆነ ማሠልጠኑ ቀላል ነው፤ አፑም ብዙ ማስዋቢያ ስለማይፈልግ ዋጋው ይቀንሳል።

የኬንያው ሳፋሪኮም ኤምፔሳንም ብንመለከት ያው ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2007 ሲጀመር በማንኛውም ተራ ስልክ በሲም ካርድ ላይ በተጫነ ዝርዝር የሚሠራ ነበር። ለብዙ ዓመታት ያደገውም በዚያው መንገድና በየሰፈሩ ባሉት ወኪሎቹ ነው። እኛም ዘንድ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር አፕ ቢኖረውም፣ ኢንተርኔት የሌለው ሰው *127# ብሎ ይጠቀምበታል። እነዚህ ድርጅቶች ገንዘብ አጥሮአቸው አይደለም፤ ደንበኛው ባለበት መገኘት ስለፈለጉ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ብቻ መንጠልጠል የሚያስከትለውንም ችግር አገራችን አይታዋለች። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠበት ወቅት ትእዛዝ መቀበያቸው አፕ ወይም ድረ ገጽ ብቻ የነበረ ድርጅቶች ከደንበኞቻቸው ተቆራርጠዋል። ስልክ ቁጥራቸውን ደንበኛው በቃሉ የሚያውቀው ግን መሥራታቸውን ሊቀጥሉ ችለዋል። ስለሆነም አፕ ያለው ድርጅት የስልክ መስመሩን መዝጋት የለበትም።

በመካከል ያሉ አማራጮችም አሉ። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ትእዛዝ በራሱ የሚቀበል ቦት ለመሥራት ይፈቅዳል። በቴሌብር ሱፐርአፕ ውስጥ የሌሎች ድርጅቶች አነስተኛ አፖች የሚስተናገዱበት አሠራር አለ። በእነዚህ መንገዶች ደንበኛው አዲስ አፕ አያወርድም፤ ነጋዴውም ገበያው መኖሩን በአነስተኛ ወጪ ይፈትናል። ሦስት ወር በቦት የመጣ ትእዛዝ ቆጥሮ አፕ ወደ ማሠራት የሚሄድ ነጋዴ ቢያንስ የሚገዛውን ያውቃል።

የአገራችንን ጸባይ የማያውቅ አፕ

ከውጭ የተቀዳ አፕ በአራት ነገሮች ይታወቃል። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ደንበኛው “8 ሰዓት ላይ ይምጣልኝ” ብሎ ሲሞላ ከሰዓት በኋላ ማለቱ ነው፤ አፑ ግን ጠዋት 2 ሰዓት አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ዕቃው ደንበኛው በሌለበት ይደርሳል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን የማያውቅ አፕ የዓመቱን መጨረሻ ሪፖርት ያዛባል። ሦስተኛው ስም ነው። “የቤተሰብ ስም” የሚል ባዶ ቦታ ሲያይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል፤ አንድ ደንበኛ በመዝገቡ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። አራተኛው አድራሻ ነው። የመንገድና የቤት ቁጥር ካልተሞላ አላልፍም የሚል አፕ አዲስ አበባ ውስጥ ደንበኛ ያባርራል። የእኛ ሰው አድራሻ “ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከፋርማሲው ጎን፣ ስትደርስ ደውል” ነው። ጥሩ አፕ ለዚህ ዓይነት ጽሑፍና ለስልክ ቁጥር ሰፊ ቦታ ይሰጣል።

ክፍያን በተመለከተ ደግሞ ከቴሌብር፣ ከኤምፔሳ ወይም እንደ ቻፓና አሪፍ ፔይ ካሉ የክፍያ አስተላላፊዎች ጋር መገናኘት ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ነጋዴዎች “ደንበኛው አስቀድሞ ገንዘብ የሚያስቀምጥበት ቦርሳ በአፑ ውስጥ ይኑረኝ” ሲሉ ይሰማሉ። የሕዝብ ገንዘብ በሒሳብ ይዞ ማንቀሳቀስ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን መዘንጋት የለባቸውም።

በውሉ ላይ መስፈር የሚገባቸው

የመኪናው ሊብሬ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። በጉግልና በአፕል መደብሮች ላይ አፑ የሚወጣበት አካውንት በሠሪው ስም ከሆነ ከሠሪው ጋር የተጣላ ነጋዴ አፑን ማሻሻል ቀርቶ ማውረድ አይችልም። ስለዚህ አካውንቱ በነጋዴው ድርጅት ስም መከፈት አለበት። ሁለቱም መደብሮች በድርጅት ስም ለሚከፈት አካውንት ከዱን ኤንድ ብራድስትሬት የሚሰጥ መለያ ቁጥር ስለሚጠይቁ ይህን አስቀድሞ መጀመር ይጠቅማል። የሰርቨሩና የድረ ገጽ አድራሻው ምዝገባም እንደዚሁ።

ሁለተኛው የሶርስ ኮዱ ባለቤትነት ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። ኋላ ክርክር እንዳይነሣ የኢኮኖሚ መብቱ ለማን እንደሆነ በውሉ በግልጽ መጻፍ፣ ኮዱም በየክፍያው ደረጃ ነጋዴው ራሱ ወደሚቆጣጠረው ቦታ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል። በመጨረሻ ዕለት አስረክባለሁ የሚል ተስፋ በቂ አይደለም።

ሦስተኛው አከፋፈል ነው። ግማሹን በቅድሚያ ከፍሎ ግማሹን በርክክብ መክፈል ለሁለቱም ወገን ጎጂ ነው። ለምሳሌ 20 በመቶ ሲፈረም፣ 30 በመቶ ዋናው ሥራ በስልክ ላይ ሲታይ፣ 30 በመቶ ሙከራው ሲያልቅ፣ ቀሪው 20 በመቶ ደግሞ አፑ ከእውነተኛ ደንበኞች ጋር ሁለት ወር ከሠራ በኋላ ቢከፈል ሠሪውም ሥራውን አይጥልም፤ ነጋዴውም ገንዘቡን አያጣም። ለእያንዳንዱ ደረጃ “አለቀ” ማለት ምን ማለት እንደሆነ መጻፍ አለበት። “ደንበኛው ትእዛዝ ይሰጣል” ከማለት ይልቅ “ባለሱቁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አሥር ዓይነት ዕቃ ያዛል፤ መስመር ቢቋረጥ ትእዛዙ ሳይጠፋ ይቆያል” ማለት ይሻላል።

አራተኛው ለውጥ ነው። ሥራው መሐል ላይ ደርሶ ነጋዴው “ይህችንም ጨምርልኝ” ማለቱ አይቀርም። እያንዳንዱ ጭማሪ ዋጋና ቀን ይኑረው። በቃል የተጨመረ ነገር የሁሉም ጠብ መነሻ ነው።

አምስተኛው የደንበኞች መረጃ ነው። ስም፣ ስልክ ቁጥርና አድራሻ የሚሰበስብ ድርጅት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። ለሥራው የማያስፈልግ መረጃ አለመሰብሰብ፣ መረጃውን ማን ማየት እንደሚችል መወሰን፣ ሠሪውም ለሌላ ዓላማ እንዳይጠቀምበት በውል ማሰር ተገቢ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ዋጋ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቆረጠው ሙከራ ነው። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ሁሉም ያስታውሰዋል። በባንኩ የአሠራር ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌላቸው በላይ ሌሊቱን ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አድረዋል። ባንኩ ራሱ በወቅቱ እንደገለጸው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ወጥቷል፤ ምክንያቱም የኮምፒዩተር ጥቃት ሳይሆን በራሱ ሥርዓት ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ነበር። ባንኩ አቅም ስላለው አብዛኛውን ገንዘብ አስመልሷል። ዋጋ በስህተት አንድ ዜሮ ጎድሎበት ሌሊቱን ትእዛዝ ሲቀበል ያደረ አነስተኛ ነጋዴ ግን ይህን አቅም አያገኝም።

ስለዚህ ሙከራው በሠሪው ቢሮ፣ በፈጣን ኢንተርኔትና በውድ ስልክ ብቻ መደረግ የለበትም። ደንበኞቹ በእጃቸው በያዙት ርካሽ ስልክ፣ መስመር በሚቆራረጥበት ሰፈር፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት መሞከር አለበት። መጀመሪያ ለሃያ ደንበኞች ብቻ ከፍቶ አንድ ወር ማየት፣ ከዚያ ማስፋት የተሻለ ነው። ማሻሻያም ቢሆን ገበያ ሞቅ በሚልበት በበዓል ዋዜማ መውጣት የለበትም።

በአጭሩ ከመፈረም በፊት አምስት ጥያቄዎች ይመለሱ። አፑን በሳምንት ስንት ሰው ስንት ጊዜ ይጠቀምበታል? ከአንድ አጠቃቀም ስንት ብር ይድናል ወይም ይገኛል? የሦስት ዓመቱ ጠቅላላ ወጪ፣ የዶላሩን ጨምሮ፣ ስንት ነው? ያው ገንዘብ በዕቃ ላይ ቢውል ምን ያስገኛል? ሠሪው ነገ ቢጠፋ ሌላ ባለሙያ ሥራውን ከየት ይቀጥላል? ለአምስቱም በቁጥርና በጽሑፍ መልስ ያለው ነጋዴ ይፈርም። መልስ የሌለው ደግሞ ገንዘቡን በባንክ ወይም በመጋዘን ይዞ፣ በስልክና በቴሌግራም እየሸጠ፣ ትእዛዙን በየቀኑ በደብተር ይቁጠር። ያ ደብተር በሚቀጥለው ዓመት ለሚያሠራው አፕ የመጀመሪያው ጥናት ይሆነዋል።